ከእንጦጦ በጀርባ፣ ከጎጃም በአይሱዙ

አዲሱ ገበያ የአዲስ አበባ የሰሜን በር ነው። ከመሀል ከተማ የመጣው መንገድ እዚህ ሲደርስ ሽቅብ ማለት ይጀምራል፤ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርድና ፍቼን፣ አባይ በረሃን፣ ደብረ ማርቆስን እያለ ጎጃም ውስጥ ይገባል። በዚህ በር በኩል ወደ ከተማው የሚገባውን ማገዶ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ዓይነት መሆኑን ይረዳል። አንደኛው በሴቶች ጀርባ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጭራሮና ቅርንጫፍ ነው። ሁለተኛው በአይሱዙ ተጭኖ ከጎጃም የሚመጣው፣ አፉ በሣር ተደፍኖ በገመድ የተጠላለፈ ማዳበሪያ ከሰል ነው።

ሁለቱም ከዛፍ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም የሰው እንጀራ ናቸው። መሬት ላይ የሚተዉት ነገር ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ለመቶ ዓመት ተራራውን ሲያራቁት ኖሯል። ሁለተኛው፣ ቢያንስ ከአዊ ዞን የሚመጣው፣ ሲቆረጥ በእግሩ ሌላ ይተከላል፤ እንዲያውም ገበያው በደራ ቁጥር የዛፉ ብዛት ጨምሯል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት የሚሞክር ነው። መልሱን ቀድሜ ልናገር፤ ወሳኙ ነገር ዛፉ የማን ነው፣ ጥቅሙን ማን ይወስዳል፣ ጉዳቱንስ ማን ይሸከማል የሚለው ሂሳብ ነው። «ልማት ወይስ አካባቢ ጥበቃ» እየተባለ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ይህን ሂሳብ ሳይነካ ያልፋል።

ታሪኩ ከእንጦጦ ይጀምራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ተራራው የጥድ፣ የወይራና የኮሶ አገር ነበር። ቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱ ግቢ፣ የሠራዊቱ ሰፈር የሚሠራውም የሚሞቀውም በዚያው እንጨት ነበርና ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ከተማው በ1879 ዓ.ም. ገደማ ወደ ፍል ውሃው ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም የማገዶው ችግር ተከትሎት ወረደ። በቀደመው ልማድ እንጨት ሲያልቅ ከተማ ይነሳል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ሥራ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ መጣ፤ ለሚተክል ሰው የግብር ምሕረት ተደረገለት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከተማዋን ከበባት። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም፤ በአምስትና በሰባት ዓመት ውስጥ ለአጠናና ለማገር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ዛፍ ለድሃ አገር ሲሳይ ነው።

ሐሜቱም አብሮት መጣ። «ምንጭ ያደርቃል፣ በሥሩ ሣር አያበቅልም» ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ አብዛኛው እንዲነቀል መንግሥት አዝዞ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ትእዛዙ እምብዛም አልተፈጸመም፤ ምክንያቱም ባሕር ዛፉ የብዙ ሰው ገቢ ሆኖ ነበር። በዚህ አገር አካባቢን የሚመለከት አዋጅ ከሰው ኪስ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ያኔውኑ ታይቷል ማለት ነው።

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በከተማው ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ ደን በአመዛኙ የባለርስቶች ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ በሐምሌም የከተማው መሬት ሲከተል፣ ትልልቆቹ ደኖች የመንግሥት ሆኑ። አዋጁ ገባሩን ከጭሰኝነት አላቀቀው። ደኑን በተመለከተ ግን ሌላ ውጤት ነበረው፤ ቀድሞ በባለቤቱ ዘበኛ ይጠበቅ የነበረው ዛፍ አሁን በደመወዝተኛ ዘበኛ የሚጠበቅ ሆነ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ገጠሩን ለቀው የመጡ፣ መሬት የሌላቸው፣ አብዛኞቹ ያልተማሩና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ነበሩ። ለእነሱ ደኑ ካፒታል የማይጠይቅ ብቸኛ ሥራ ነበር። የሚያስፈልገው ገመድና ወገብ ብቻ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያኔ ያስጠናው ጥናት የእነዚህን ሴቶች ሥራ በሚዛን አስቀምጦታል። ከከተማው ማገዶ ሲሶ ያህሉን የሚያቀርቡት እነሱ ነበሩ። የአንዲት ሴት ሸክም በአማካይ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ የራሳቸውን ክብደት የሚያክል የሚሸከሙም ተገኝተዋል። ይህን ይዘው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ቀጨኔና ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳሉ። በመንገድ ላይ የደን ጠባቂ ካገኛቸው ወይ ይቀማሉ፣ ወይ ይደበደባሉ፣ ወይ ከሸክሙ ለማለፊያ ይከፍላሉ። የተረፈው ለዕለት ዳቦ ነው።

ተራራው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመረዳት ቅጠሉን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ዛፍ መቁረጥ በግልጽ የተከለከለ ስለሆነ አብዛኞቹ ሴቶች የወደቀውን ቅጠል በእጃቸውና በቅርንጫፍ እየጠረጉ ይሰበስባሉ። ለእንጀራ ምጣድ ከቅጠል የተሻለ ማገዶ የለም፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ነበልባሉም በምጣዱ ሥር እኩል ይሰራጫል። ወደ ዘበኛው ጆሮ የሚደርስ የመጥረቢያ ድምፅም የለውም። ይሁን እንጂ ያ የደረቀ ቅጠል የተራራው ልብስ ነው። ባሕር ዛፍ በሥሩ ብዙ ሣርና ቁጥቋጦ አያበቅልምና ቅጠሉ ሲነሳ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። የሐምሌ ዝናብ በቀጥታ ይመታዋል፤ ውሃው ወደ ውስጥ መስረግ ሲገባው በላዩ ተንሸራቶ ይወርዳል። ቀበናና ቀጨኔ ወንዞች ከእንጦጦ ነው የሚነሱት፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂም ከዚሁ ሰንሰለት ውሃ ይጠጣሉ። ስለዚህ ከላይ የተጠረገው ቅጠል ከታች የወንዝ ዳር ቤቶችን የሚያጥለቀልቅ ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ ምንጮቹ ይሳሳሉ። ከላይ የምትጠርገው ሴትም፣ ከታች ቤቷ ውሃ የሚገባባት ሴትም ድሆች ናቸው።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር በድሃ አገሮች ሁሉ ሁለት ዝግጁ መልሶች አሉ። አንደኛው «መጀመሪያ እንበልጽግ፣ ተፈጥሮውን በኋላ እንጠግነዋለን» የሚል ነው። የበለጸጉት አገሮችም በዚህ መንገድ ነው የሄዱት ይባላል። ጭስ በርግጥ በማጣሪያ ይቀንሳል፤ ከእንጦጦ ተዳፋት የታጠበ አፈር ግን በገንዘብ አይመለስም። ሁለተኛው «አጥሩት፣ ዘበኛ አቁሙበት» ነው። ይህ ለአለቃ ሪፖርት ይመቻል፤ ሄክታሩ ይቆጠራል፣ ችግኙ ይቆጠራል። አጥሩ የከለከለውን ሰው የሚቆጥር ዓምድ ግን ቅጹ ላይ የለም።

ሕጉም አይቆጥረውም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሣ የሚከፈለው ለባለይዞታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ገበሬው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአስር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። ያ አነሰ ተብሎ ብዙ እሮሮ ከተሰማ በኋላ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን ወደ አስራ አምስት፣ መነሻውንም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ አድርጎታል። ማሻሻያው ቀላል አይደለም። በመንግሥት ደን ውስጥ ሃያ ዓመት ቅጠል ስትለቅም ለኖረች ሴት ግን አስራ አምስት ጊዜ ዜሮ ያው ዜሮ ነው። ደብተር የላትም፣ ካርታ የላትም፤ ሥራዋ ራሱ ሕገወጥ ነበር።

አሁን ወደ አይሱዙው እንመለስ። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ ፋግታ ለኮማ የሚባል ወረዳ አለ፤ ዋና ከተማው አዲስ ቅዳም ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት አልሰጥ ብሎ ነበር። ገበሬው አካሺያ ዲከረንስ የሚባል፣ እንደ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ለመደ። አሠራሩ ቀለል ያለ ነው። ችግኙ ሲተከል በመጀመሪያው ዓመት በመሀሉ ጤፍ ይዘራል፤ በተከታዩ ዓመታት ሣሩ ይታጨድና ለከብት ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከሰላል፤ ከዚያ መሬቱ ታርሶ እንደገና ጤፍና ችግኝ ይገባበታል። ዛፉ ናይትሮጂን ወደ አፈሩ ይመልሳል፤ የከሰሉ ቦታ አመድም አሲዱን ያበርደዋል፤ ጤፉ ከቀድሞው የተሻለ ይይዛል። በዙሪያውም ሌላ ሥራ ተፈጠረ፤ ችግኝ የሚያፈላ፣ የሚያከስል፣ የሚሸክፍ፣ የሚጭን፣ የሚያስጭን ደላላ። በዚህ ሁሉ የወረዳው በዛፍ የተሸፈነ መሬት አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ።

ከሰል ለመሸጥ ዛፍ የሚተከልበት አገር መኖሩ «ከሰል ደን ያጠፋል» ሲባል ላደገ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ሚስጥሩ ግን ከአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ብዙም አይርቅም። ክልሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው ደብተር መስጠት ያዘ። መሬቱ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይሁንና ገበሬው ዛሬ የተከለውን ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱ እንደሚቆርጠው እርግጠኛ ከሆነ ይተክላል። የእንጦጦዋ ሴት ዛሬ ያልለቀመችውን ቅጠል ነገ ሌላዋ ትለቅመዋለች። እሷም ገበሬውም ስሌታቸውን ያውቃሉ፤ የተለያየው የቀረበላቸው ስሌት ነው።

የፋግታው ነገር ማር ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተተከለበት አገር አንድ በሽታ ሲገባበት የሚሆነውን ገበሬዎቹ አይተውታል፤ በቅርብ ዓመታት ቅጠሉን የሚያበላሽ የዋግ ዓይነት በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አቃጥሏል። የምግብ እህል የነበረ መሬትም ለዛፍ ውሏል። የሚያከስለው ሰውም ጭሱን ይተነፍሳል። ደግሞም በጎጃም በር የሚገባ ማዳበሪያ ሁሉ ከተተከለ ዛፍ የመጣ አይደለም፤ ከተፈጥሮ ደን የተጨፈጨፈው ከዚሁ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ገዢው የሚለይበት መንገድ የለውም። አንድ ባለሥልጣን ከሰልን በጅምላ ሲከለክል የሚጎዳው ሕጋዊው አምራች ነው፤ ጨፍጫፊውማ ቀድሞም በሌሊት ነው የሚጭነው።

እንጦጦ ላይስ ምን ተደረገ? ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ጥሩ ሐሳብ የሴቶቹን ሥራ መቀየር ነበር። የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ አባላቱ ሽመና ተማሩ፤ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንገት ልብስ እየሸመኑ ለጎብኚ ይሸጣሉ። ሥራው ጥሩ ነው፤ ችግሩ የጎብኚው ቁጥር ከተሸካሚዎቹ ቁጥር ጋር አለመመጣጠኑ ነው። አንዷ ወደ ሽመና ስትገባ ገመዷን የምታነሳ ሌላ ሴት ከገጠር ትመጣለች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከተማ አስተዳደሩ ከእንጦጦ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናቶችን በእንጀራ መጋገሪያ ማዕከል ቀጥሯል። ይህኛው ችግሩን ከሁለት ወገን ይይዘዋል፤ ሸክሙን ትታ የመጣችዋን ሴት ይቀጥራል፣ ቅጠሏን ይገዛ የነበረውን ምድጃም በኤሌክትሪክ ይተካል።

ከአዲሱ ገበያ በስተ ምዕራብ ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተመሠረተ ሲሆን 705 ሄክታር ይሸፍናል። ቦታው ሲረከቡት በአመዛኙ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ያንን ቀስ በቀስ እያስወገዱ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ይተኩበታል። ቀስ በቀስ የሚለው ቃል መሰመር አለበት፤ ባሕር ዛፉን በአንድ ክረምት መንቀል ተዳፋቱን ለጎርፍ አሳልፎ መስጠት ነው። የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። መንገድ፣ ምግብ ቤት፣ የፈረስ መጋለቢያ፣ የመዝናኛ ስፍራ ተሠርቶለታል። ተራራው ከግንባታና ከቅርምት መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራ የተቀጠረበትም ብዙ ሰው አለ። ሆኖም ሂሳቡ ይሠራ ከተባለ ንጹሕ አየርና የእግር መንገድ ያገኘው በመኪና የሚወጣው የከተማ ሰው ነው፤ ቅጠሉን ያጣችው በእግሯ የምትወጣዋ ናት። ፓርኩ መሠራት አልነበረበትም ለማለት አይደለም። የመጀመሪያው ካገኘው ጥቂቱን ለሁለተኛዋ የሚያደርስ ቧንቧ ያስፈልጋል።

እስካሁን ስለ ተራራው አወራን። የእንጦጦ ዕጣ ግን ከተራራው ይልቅ በከተማው ማጀት ውስጥ ይወሰናል ባይ ነኝ። ከአንድ ቤተሰብ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ ጋገራ ነው። ሚርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ደግሞ የከሰሉን ፍጆታ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ጨርሶ ይተካዋል። ለዚህም ነው የመብራት ታሪፍ ሲወጣ የደን ፖሊሲም አብሮ የወጣ ነው የምለው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ኪሳራ መሸፈኛ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ግን ጭማሪው ዝቅተኛውን ተጠቃሚ ወደ ከሰልና ወደ ቅጠል የሚገፋው ከሆነ፣ እዚያ የተገኘው ብር እዚህ በጎርፍና በአፈር ይከፈላል።

ሌላም ማንም የማያወራለት የደን ሕግ አለ፤ የአከራይ ሕግ። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአዲሱ ገበያም ሆነ በሽጎሌ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። አከራይዋ ቤት ስታከራይ መጀመሪያ የምትናገረው «ምጣድ አይቻልም እሺ የኔ ልጅ፣ ቆጣሪው አይችልም» ነው። ተከራይዋ ወይ እንጀራ ትገዛለች፣ ወይ ጓሮ ወጥታ በቅጠል ትጋግራለች። ለእያንዳንዱ ተከራይ ቆጣሪ ማስገባት ቀላል የሚሆንበትን አሠራር መዘርጋት ከአንድ ሺህ ዘበኛ በላይ እንጦጦን ይጠብቃል።

ለጠባቂው መክፈልስ? ይህ የእርዳታ ቋንቋ ሊመስል ይችላል፤ በተግባር ግን ንግድ ነው። ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ፣ ደኑን ሳይቆርጥ ላቆየ ባለመሬት በሄክታር ትከፍላለች፤ ገንዘቡ በዋናነት የሚመጣው በነዳጅ ላይ ከተጣለ ግብር ነው። የሚያጨሰው ይከፍላል፣ የሚያጣራው ይከፈለዋል። እኛም ጋ ተሞክሯል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ለሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰጠ። አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ ከመሬት በታች ገና ያልሞተውን ጉቶ መጠበቅና ማረም ነበር። ደኑ ሲመለስ የሰበሰበው ካርቦን ተለክቶ ለዓለም ባንክ ፈንድ ተሸጠ፤ ማኅበራቱም ከገንዘቡ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሠሩበት። ዘበኞቹም ራሳቸው ገበሬዎቹ ናቸው።

አዲስ አበባ ይህን ለማድረግ የካርቦን ገበያ እንኳን አያስፈልጋትም፤ የውሃ ሂሳብ አላት። የከተማዋ የቧንቧ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። ግድቦቹ ደለል እንዳይሞላቸው ወሳኙ ከበላያቸው ያለው ገበሬ መሬቱን እንዴት እንደያዘ ነው። በየወሩ በምንከፍለው ደረሰኝ ላይ የፓምፕ፣ የማጣሪያና የሠራተኛ ወጪ አለ፤ ተዳፋቱን በሣርና በዛፍ ለሸፈነው ሰው የሚደርስ ሳንቲም ግን የለም። በሜትር ኪዩብ ጥቂት ሳንቲም ቢጨመር ደለል ከመጥረግ ይረክሳል። እንቅፋቱ ከገንዘቡ ይልቅ ወሰኑ ነው፤ ግድቦቹ ያሉት በኦሮሚያ፣ ውሃው የሚጠጣው አዲስ አበባ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በመሳሰሉት ጉዳዮች ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ያላት ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይደነግግና ዝርዝሩን ለሌላ ሕግ ይተወዋል። ያ ዝርዝር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ በሥልጣንና በማንነት ዙሪያ ይሽከረከራል። ከገፈርሳ ወይም ከለገዳዲ በላይ ላለ አንድ ገበሬ ግን ጉዳዩ ተዳፋቱን ሣር አልብሶ ቢተወው ከገብሱ ያጣውን የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ በአንድ የውሃ ደረሰኝ ላይ በአንድ መስመር ሊጻፍ ይችላል።